ላፕቶፑን ያፈጠንኩበት ሳምንት

ቁጡ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገርና ልገላገለው። ወረፋ ያናድደኛል፣ ወሬውን የሚጎትት ሰው ያናድደኛል፤ የሚንቀራፈፍ ኮምፒውተር ግን ደሜን ያፈላዋል። አዲስ አበባ እያለሁ ሦስት ዓመት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። እኔ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ሳይድን የተመለሰ ማሽን የለም እያልኩ ጉራዬን እነዛ ነበር። ጀርመን ስመጣ ያ ሙያ ወረቀት የሌለው ሙያ ሆነብኝና አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ የመንከባከብ ሥራ ውስጥ ገባሁ። ይህን የምነግራችሁ ነገር ሲሆን በፈረንጆቹ 2013 ነው፤ ምድቤ በፍራንክፈርት ምዕራባዊ ጫፍ ኡንተርሊደርባህ የሚባል ሰፈር ነበር።

በዚህ ሥራ ሁሉ ነገር በደቂቃ የተሸነሸነ ነው። ለማጠብ ይህን ያህል፣ ለማልበስ ይህን ያህል፣ መድኃኒት ለመስጠት ይህን ያህል። ጀርመኖቹ ባልደረቦቼ ያማርራሉ፤ እኔ ግን ሰዓት ማየት ስለምወድ ተስማምቶኝ ነበር። ደቂቃ ምን ያህል ውድ እንደሆነ የገባኝ ግን ከሥራው ሳይሆን ከምሄድባቸው ቤቶች በአንዱ ነው።

እዚያ ቤት የሚኖሩት የአገሬ ሰዎች ነበሩ፤ ባልና ሚስት። ባልየው ለትምህርት መጥተው፣ አገር ቤት ነገሩ ሲበላሽ እዚሁ የቀሩ፣ ከዚያም ሄክስት አካባቢ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ንድፍ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አባባ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸውን ደግሞ እማማ። እማማ የመርሳት በሽታ ከያዛቸው አራተኛ ዓመታቸው ነበር፤ እኔም የምሄደው እሳቸውን ለማጠብና ለማልበስ ነው።

እማማ አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባላቸውን «ሰውዬው» ነበር የሚሏቸው። ፀጉራቸውን ሳበጥር ጠጋ ይሉኝና በሹክሹክታ «ይሄ ሰውዬ ዛሬም አልሄደም?» ይሉኛል። ሹክሹክታቸው ደግሞ ጎረቤት ይሰማል። አባባ እንዳልሰሙ ሆነው ሻይ ይቀዳሉ።

ቢሆንም በቀን አንድ ጊዜ እማማ ይመለሱ ነበር። ዓይናቸው ጥርት ይላል፣ ቀና ብለው ይቀመጣሉ፣ የተቀመጡበት ቤት የራሳቸው መሆኑን ያውቃሉ። ሰዓቱ አይታወቅም። አንድ ቀን ከቁርስ በኋላ፣ ሌላ ቀን ምሳ ሊቀርብ ሲል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይመጣም። ሲመጣም ሃያ ደቂቃ ከቆየ ብዙ ነው። ያቺን ሰዓት ጠብቀው አባባ ላፕቶፓቸውን ይከፍታሉ። የሁለቱን ኑሮ ለብዙ ዓመታት ትንሽ በትንሽ ሲጽፉት ስለኖሩ ከዚያ ላይ ያነቡላቸዋል። እማማ ሲሰሙ ቆይተው ቆይተው «ሰውዬው» ማለቱን ይተዉና ባላቸውን በስማቸው ይጠሯቸዋል። አባባ ቀኑን ሙሉ የሚኖሩት ለዚያች ጥሪ ነበር።

ላፕቶፑ ግን አያደርሳቸውም። አንድ ጠዋት እማማን ካልሲ ሳጠልቅላቸው ዓይናቸው ሲጠራ አየሁ። አባባም አይተው ኖሮ የሻዩን ብርጭቆ ጥለው ወደ ላፕቶፑ ሮጡ። እኔም በልማዴ ሰዓቴን ተመለከትኩ። ዲስኩ ይንኮሻኮሻል፣ ማራገቢያው ያጓራል፣ ስክሪኑ ላይ ያቺ ትንሽ ክብ ትዞራለች። ጽሑፉ እስኪከፈት ድረስ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። አባባ አንድ ገጽ አንብበው ሳይጨርሱ እማማ ቦርሳቸውን አንስተው «በሉ እንግዲህ፣ እኔም ቤቴ ልግባ» አሉ።

ተናደድኩ። በላፕቶፑ መናደድ ሲገባኝ በአባባ ተናደድኩ።

«አባባ፣ ቀደም ብለው ለምን አይከፍቱትም?»

«ሲቆይ ይግላል ልጄ። ሲግል ማራገቢያው ይጮኻል፤ እሷ ደግሞ ትፈራዋለች። ከዚያ በኋላ ራሱን ያጠፋል።»

«ታዲያ በወረቀት አያትሙትም?»

«ወረቀት እጇ ከገባ አጣጥፋ ትደብቀዋለች። ባለፈው አንዱን ምዕራፍ ያገኘሁት ከዋሽማሺነው ውስጥ ነው» ብለው ሳቁ። «ታጥቦ ነጭ ሆኖ።»

አዲስ ላፕቶፕ ይግዙ እንዳልል አንድ ነገር ያዘኝ። ቁልፎቹ ላይ እማማ ጤነኛ በነበሩበት ጊዜ የአማርኛ ፊደላትን በጥቃቅን ወረቀት ጽፈው አንድ በአንድ ለጥፈውባቸዋል። ወረቀቶቹ ከብዙ መነካካት የተነሳ ወይበዋል። አባባ ሌላ ማሽን ላይ መጻፍ እንደማይፈልጉ ሳይነግሩኝ ገባኝ። ከዚህ የበለጠ ሊገባኝ የሚገባ ነገርም ነበር፤ እሱ ግን አልገባኝም።

«ማሽኑ አልሞተም» አልኳቸው። «ዲስኩ ነው ያረጀው። ኤስ ኤስ ዲ እንግጠምለት።»

ምን እንደሆነ ጠየቁኝና አስረዳኋቸው። በአሮጌው ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና የሚያነብ መርፌ አለ፤ የተፈለገው ነገር እስኪገኝ ሳህኑ መዞር፣ መርፌውም መመላለስ አለበት። በአዲሱ ውስጥ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ድምፅ የለው፣ ሙቀቱም እዚህ ግባ አይባል። አባባ የማሽን ሰው ናቸውና ዓይናቸው በራ። «የማይንቀሳቀስ ግን የሚፈጥን!» አሉ። «ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እረፍት ነበረኝ። ወደ መሃል ከተማው፣ ኢነንሽታት ወርጄ ጻይል ከሚባለው የገበያ ጎዳና ላይ ካለ አንድ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ኤስ ኤስ ዲውን ይዤ መጣሁ። ላፕቶፑን ቤቴ ወስጄ ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጥኩት። እውነቱን ለመናገር ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ብሎን ከፈታሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ክዳኑን ሳነሳው ያ የአቧራና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ሲመጣብኝ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። አሮጌውን ዲስክ ስስበው እጄ ላይ ከበደ። አዲሱ ከአንድ ብስኩት አይበልጥም፤ ቦታው ላይ ሳስገባው ቀጭ አለና ቁጭ አለ። ይህን የሚያህል ነገር ያን ሁሉ ጽሑፍ ተሸክሞ በአንድ አፍታ ማቅረቡ እስከ ዛሬም ይደንቀኛል።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው የአሮጌውን ዲስክ ይዘት እንዳለ፣ አንድ ሳይቀር፣ ወደ አዲሱ መገልበጥ ነው፤ ሰዓታት ይወስዳል። ሁለተኛው ደግሞ አዲሱ ላይ ሲስተሙን ከባዶ ጭኖ የደንበኛውን ፋይሎች ብቻ ማሻገር። እኔ የወጣሁበት የጥገና ቤት ደግሞ አንድ ሃይማኖት ነበረው፤ እሱም ፎርማት ነው፤ ሁሉን ጠርጎ ከባዶ መጀመር። ቫይረስ ገባ፣ ፎርማት። ዘገየ፣ ፎርማት። ደንበኛው የይለፍ ቃሉን ረሳ፣ ፎርማት። አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። መጠበቅ ስለማልወድ እጄ በለመደው መንገድ ሄድኩ። አዲሱ ላይ ሲስተሙን ከባዶ ጫንኩ፣ የአባባን ፋይሎች አንድ በአንድ አሻገርኩ፣ ቁጥራቸውን አመሳከርኩ። ልክ ነው። ከዚያ ጨዋ ባለሙያ ነኝና አሮጌውን ዲስክ ለመጠባበቂያ እንዲሆናቸው ብዬ ጥርግ አድርጌ ፎርማት አደረግኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሳይጠሩኝ ደረስኩ። እማማ ቁርሳቸውን በልተው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ብዙም ሳንቆይ ቀና አሉ፤ ዓይናቸው ጠራ።

«አባባ፣ ይቁጠሩ!» ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ።

አባባ ጮክ ብለው ቆጠሩ። አሥራ ስምንት ላይ ስክሪኑ ተከፍቶ አለቀ። ማራገቢያው ትንፍሽ አላለም። አባባ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው አዩኝ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። አሁን ሃያዋ ደቂቃ በሙሉ የእነሱ ናት። ፋይላቸውን ነኩት፤ እሱም ወዲያው ተከፈተ።

ስክሪኑን የሞላው አማርኛ አልነበረም። የፈረንጅ ፊደላት፣ ጭረትና ነጥብ የተደፋባቸው፣ የጥያቄ ምልክት፣ የገንዘብ ምልክት፣ ትርጉም የሌለው ጫካ። ሌላውን ፋይል ከፈትኩ፤ ያው ነው። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም። 

ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው። የእኔ ትውልድ አማርኛ ሲጽፍ የትም ይጻፈው የትም ይከፈታል። አባባ መጻፍ የጀመሩት ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን የፊደል ፕሮግራም በሚጭንበት በድሮው ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የፈረንጅ ምልክት ነበር፤ ፕሮግራሙ ነው የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው። ፕሮግራሙ ደግሞ የነበረው አሮጌው ዲስክ ላይ ብቻ ነው። እኔ ጥርግ ያደረግኩት። ቁልፎቹ ላይ የተለጠፉት ፊደላት ይህን ሊነግሩኝ ይገባ ነበር።

አገር ቤት ቢሆን የሚሆነውን አውቃለሁ። ደንበኛ ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ። አባባ ግን ስክሪኑን ትንሽ አዩት። ከዚያ ሚስታቸውን አዩ፤ እማማ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። አባባ ላፕቶፑን በቀስታ ከደኑና ወንበራቸውን ወደ እማማ አስጠጉ። «ዛሬ ከአፌ ልንገርሽ» አሏቸው። የሚያስታውሱትን ያህል መናገር ጀመሩ። ድምፃቸው ግን እንደ ንባቡ አልነበረም፤ ዘለሉ፣ ተመለሱ፣ ቀን ተምታታባቸው። እማማ ቶሎ ደከሙ። ስም ሳይጠሩ ቦርሳቸውን አነሱ።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምን ብዬ ይቅርታ እንደጠየቅኩ አላስታውስም። አባባ በር ድረስ ሸኙኝና «ልጄ፣ ጽሑፉ አልጠፋም እኮ። ልብሱን ነው የቀየረው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ያዝኩ። የማውቀውን ሐበሻ ሁሉ፣ የማላውቀውንም፣ የድሮ የአማርኛ ፊደል ፕሮግራም አላችሁ ወይ እያልኩ ደወልኩ። ግማሹ ሳቀብኝ። አንዱ «የድሮውን የፖስታ ቤት ቴሌግራምስ አትፈልጊም?» አለኝ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ተገኘች። ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የጽዳት ሥራ የምትሠራ፣ ከዓመታት በፊት የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም የሚታተምበትን ወረቀት ትተይብ የነበረች። «ሲዲው ምድር ቤት፣ ኬለር ውስጥ አለ መሰለኝ፤ ግን ይህን ሳምንት የሥራ ተራዬ፣ ሺሽቴ ከባድ ነው። ረቡዕ ለመገናኘት ቴርሚን እንያዝ» አለችኝ። ረቡዕ እንዴት ይደርሳል!

ስለዚያ ሳምንት የማፍርበትን ነገርም ልጻፈው። ሰኞ ጠዋት የአባባ ቤት ተራዬ ነበር፤ አልሄድኩም። ከባልደረባዬ ጋር ተለዋወጥኩ። ማክሰኞና ረቡዕም እንዲሁ። ዓይኔን ከዓይናቸው ላለማገናኘት ነው። ሌላውን ሰው በፍጥነት የማፋጥጥ እኔ፣ የራሴን ጥፋት ሊያሳየኝ ከሚችል ሰው ሦስት ቀን ሸሸሁ። እማማ በእነዚያ ቀናት እንዴት እንደዋሉም አልጠየቅኩም።

ረቡዕ ከሄክስት በአውቶቡስ ፍሉግሃፈን ደረስኩ። ሴትየዋ የጽዳት ጋሪዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ እየጠበቀችኝ ነበር። ሲዲውን በንጹሕ የሻሽ ቁራጭ ጠቅልላዋለች። እኔ ለማመስገን አፌን ሳልከፍት «የሰው ጽሑፍ ነው አይደል? ሂጂ፣ ሂጂ፣ ፍጠኚ» አለችኝ። ኬለሯን ለማገላበጥ የእንቅልፍ ሰዓቷን እንደሠዋች የሰማሁት በኋላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት በሥራ ቁልፌ የአባባን ቤት ከፍቼ ገባሁ። ኮሪደሩ ላይ እንዳለሁ የአባባ ድምፅ ተሰማኝ። ያነባሉ። ፊደል እንደሚቆጥር ሰው አንዷን ቃል ይዘው ቆም፣ ደግሞ ሌላዋን ይዘው ቆም እያሉ ግን ያነባሉ። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ስክሪኑ ላይ ያው የፈረንጅ ጫካ አለ። ከላፕቶፑ በላይ ግድግዳው ላይ ግን እማማ እንዳይደርሱበት ከፍ ብሎ የተለጠፈ ትልቅ የንድፍ ወረቀት ነበር። በትናንሽ ሣጥኖች ተከፋፍሏል። በያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ በግራ አንድ የፈረንጅ ምልክት፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ፊደል፤ የንድፍ ሠራተኛ እጅ ነውና መስመሩ አይዛነፍም። አንዳንዱ ሣጥን ባዶ ነው፤ አንዳንዱ በእርሳስ ተጽፎ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበታል።

«መጣሽ?» አሉኝ አባባ፣ ጣታቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ። የት ከረምሽ አላሉም።

«አባባ፣ ይሄ... እንዴት አድርገው?»

«የመጀመሪያውን ገጽ በቃሌ አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ አነበብኩት። የማውቀውን ቃል ከምልክቱ ጋር አንድ ለአንድ ሳስተያይ ፊደሎቹ ወጡ። ከዚያ በወጡት ፊደሎች ሁለተኛውን ገጽ ገመትኩ። ብዙ ይቀረኛል። ግን ላፕቶፕሽ ግላይሽ፣ በአንዴ ስለሚከፈት ጊዜ አለን፤ እሷ ስትመጣ እየለቀምን እናነባለን።»

ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ያለውን ገበታ በአምስት ቀን ውስጥ እዚህ ማድረስ፣ በሰባ ዓመታቸው፣ ሚስት እያስታመሙ! በሕይወቴ ብዙ ጎበዝ ሰው አይቻለሁ፤ እንደ እሳቸው ያደነቅኩት የለም። እኔ በአንድ ቁልፍ ያጠፋሁትን ሳይቆጡ፣ ማንንም ሳይወቅሱ፣ በማስመሪያና በእርሳስ ይመልሱት ነበር። ሲዲውን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። «አመጣሽው!» ብለው ደስ አላቸውና «ይችን አንቀጽ ልጨርስላት፤ ዛሬ ደህና ናት» አሉኝ።

እማማ በእርግጥ ደህና ነበሩ። ቀና ብለው የባላቸውን ጣት ያያሉ። አባባ የሚያነቡት እዚህ አገር አብረው ስላሳለፉት የመጀመሪያ የብርድ ወራት ነው። ለሁለት ሰው አንድ ካፖርት ነበራቸው። ጠዋት አባባ ለብሰውት ፋብሪካ ይሄዳሉ፤ ከሰዓት ሲመለሱ እማማ ለብሰውት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

«በነጋታው ካፖርቱን ለብሼ ስወጣ ኪሱ ውስጥ...» አባባ ቆሙ። ወደ ግድግዳው ቀና ብለው ምልክቱን ፈለጉ። «የብ... የብር...»

«የብርቱካን» አሉ እማማ።

አባባ ዞረው አዩአቸው። 

«የብርቱካን» አሉ አባባ። «የብርቱካን ል...»

«ልጣጭ ነዋ» አሉ እማማ፣ እንዴት ይሄ ይጠፋሃል በሚል ዓይነት።

«የብርቱካን ልጣጭ አገኛለሁ። ሁልጊዜ... ት... ትረ... ትረሳው ነበር።»

«ረስቼው አይደለም።»

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን አልሽ?»

«ረስቼው አይደለም» አሉ እማማ፣ ባላቸውን በስማቸው ጠርተው። «ፋብሪካው ይሸታል ስትለኝ ጊዜ እሱን እንድታሸት ብዬ ነው የማስቀምጥልህ። ለራስህ ብለህ ብርቱካን ለመግዛት እንደሆነ አታውቅበትም።»

አባባ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ «አርባ ዓመት» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ የረሳችው ነበር የሚመስለኝ።» ከዚያ በድንገት ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ሞልቷል። «ልጄ፣ ፊደሉን አሁኑኑ ጫኚልኝ። የማርመው ነገር አለኝ። እሷ ሳትሄድ።»

ሲዲውን ከተትኩ። በጥገና ቤት ዘመኔ እንደዚያ ፈጥኜ ሠርቼ አላውቅም። ፕሮግራሙን ጫንኩ፣ ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁ። አባባ የእማማን እጅ ይዘው ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ አሥራ ስምንት ሳይሞላ ተከፈተ። ፋይሉን ነካሁት፤ ጫካው አማርኛ ሆኖ ወጣ። ወንበሩን ለቀቅኩላቸው።

አባባ መስመሯን አገኟት። «ትረሳው» የሚለውን አጠፉ። በአንድ ጣታቸው፣ በወየቡት ወረቀቶች ላይ፣ ሌላ ቃል ጻፉ። ከዚያም ለሚስታቸው ከመጀመሪያው አነበቡላቸው።

«በነጋታው ካፖርቱን ለብሼ ስወጣ ኪሱ ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ አገኛለሁ። ሁልጊዜ ታስቀምጥልኝ ነበር።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ልክ ነው» አሉ።